የአሜሪካ ወታደር ጡረታ በፍቺ ጊዜ፦ የሚያካፍለው ሕጉ ነው ወይስ ወረቀቱ?

«አሥር ዓመት ካልሞላችሁ ከጡረታው ሰባራ ሳንቲም አይደርስሽም» ይላል አንዱ። «ግማሹማ በሕግ የእሷ ነው» ይላል ሌላው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ካገለገለ ሰው ጋር የተመሠረተ ትዳር ሲፈርስ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድም ሆነ በሲያትልና በዳላስ በሚኖሩ የሀበሻ ቤተሰቦች መካከል እነዚህ ሁለት አባባሎች እንደ ሕግ ይነገራሉ። ሁለቱም ሕግ አይደሉም። ሆኖም የሚያስከትሉት ጉዳት እውነተኛ ነው፤ የመጀመሪያውን ያመነች ሴት መብቷን ሳትጠይቅ ትቀራለች፣ ሁለተኛውን ያመነች ደግሞ ገንዘቡ በራሱ ጊዜ የሚመጣ መስሏት ቀነ ገደብ ያመልጣታል። ወታደሩም ቢሆን ከሁለቱ አባባሎች በአንዱ ተዘናግቶ ኋላ የማይወጣው ዕዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከ2009 እስከ 2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) «ማቭኒ» በተባለ ልዩ ፕሮግራም፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ባይኖራቸውም ተፈላጊ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችን ለጦሩ ይመለምል ነበር። ከቋንቋዎቹ አንዱ አማርኛ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ገብቶ ሳያቋርጥ ያገለገለ ወታደር 20 ዓመት የሚሞላው በ2029 ነው። 20 ዓመት ደግሞ በዚያ ጦር መደበኛው የጡረታ ልክ ነው፤ ከዚያ በፊት የወጣ ሰው በሕክምና ወይም በሌላ ልዩ ምክንያት ካልሆነ በቀር ወርኃዊ አበል አያገኝም። በዲቪ መጥተው የተቀጠሩት፣ እዚያው ተወልደው ያደጉትም ሲጨመሩ፣ የጡረታ ክፍፍል ጥያቄ ወደ ብዙ ቤቶች እየቀረበ ነው።

መብቱን የወለደው ሙግት

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ የጦር ሐኪም ነው። ካሊፎርኒያ ይኖሩ የነበሩት ኮሎኔል ማካርቲ ከባለቤታቸው ሲፋቱ፣ የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤቶች የጡረታ አበላቸውን የጋራ ሀብት ነው ብለው አካፈሉት። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1981 ውሳኔውን ሻረው፤ የወታደር አበል በፌዴራል ሕግ ለወታደሩ በግሉ የተሰጠ ስለሆነ ክፍለ ግዛቶች ሊያካፍሉት አይችሉም አለ። ያም ሆኖ የቀድሞ ሚስቶች ችግር ከባድ መሆኑን አልካደም። መፍትሔ መስጠት ያለበት ኮንግረስ ነው ብሎ ኳሱን ወደዚያ መለሰው።

ኮንግረስም አልዘገየም። በ1982 የቀድሞ የወታደር የትዳር ጓደኞችን የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ ሕጉ ከየካቲት 1983 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የሕጉን አንድ ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቶች አበሉን እንደ ትዳር ንብረት ሊያዩት «ይችላሉ» ይላል እንጂ «አለባቸው» አይልም። የፌዴራሉ ሕግ በር ከፈተ፤ በበሩ ምን እንደሚያልፍ የሚወስነው የየክፍለ ግዛቱ የፍቺ ሕግና ዳኛው የሚፈርመው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ስለ ጡረታው አንዳች ካላለ፣ ትዳሩ ሠላሳ ዓመት የቆየ ቢሆን እንኳ ከአበሉ የሚደርስ ነገር የለም።

«ግማሽ» የሚለው ቃል የመጣውም ከዚሁ አካባቢ ነው። ሕጉ ከመንግሥት በቀጥታ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ እንደ ንብረት ድርሻ የሚከፈለው ከሚካፈለው አበል 50 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ የልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ቀለብ ሲታከልበት ጣሪያው 65 በመቶ ይደርሳል። 50 በመቶው እንግዲህ ጣሪያ ነው፤ የሁሉም ሰው ድርሻ ማለት አይደለም። ካሊፎርኒያን በመሰሉ የጋራ ሀብት ሥርዓት ባላቸው ክፍለ ግዛቶች በትዳሩ ዘመን የተገኘው ክፍል እኩል ይካፈላል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ግን «ፍትሐዊ ክፍፍል» የሚባለውን ይከተላሉ፤ ዳኛው የትዳሩን ርዝመት፣ የሁለቱንም አስተዋጽኦ፣ ቤት ውስጥ የተሠራውን ሥራ ጭምር መዝኖ ይወስናል። ቨርጂኒያ በሕጓ በትዳር ከተገኘው የጡረታ ክፍል ከግማሽ በላይ ለሌላው ወገን እንዳይሰጥ ገድባለች።

አሥር ዓመቱ የሚለካው ምንን ነው?

የአሥር ዓመቱ አባባል መነሻ አለው፤ የተዛባው ትርጉሙ ነው። የወታደሮችን ደመወዝና ጡረታ የሚከፍለው የመከላከያ ፋይናንስና ሒሳብ አገልግሎት ነው፤ በአጭሩ ዲፋስ ይባላል። ዲፋስ የንብረት ድርሻን ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ በቀጥታ የሚልከው፣ ትዳሩ ቢያንስ አሥር ዓመት ከቆየና ከዚያም ውስጥ ቢያንስ አሥሩ ወታደሩ በአገልግሎት ላይ ከነበረባቸው ዓመታት ጋር ከተደራረበ ብቻ ነው።

ስለዚህ አሥር ዓመቱ የሚወስነው ማን እንደሚከፍል ነው። ስምንት ዓመት በትዳር የቆየች ሴት ፍርድ ቤት ድርሻ ከፈረደላት ድርሻው የእሷ ነው፤ ልዩነቱ ገንዘቡ ከዲፋስ ሳይሆን በየወሩ ከቀድሞ ባሏ እጅ መምጣቱ ነው። ካልከፈለ ወደ ፍርድ ቤት ተመልሳ ትከሰዋለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየወሩ ከቀድሞ ባል ገንዘብ መጠበቅ ራሱ ሸክም ነው፣ ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ላይ ያሉ ባልና ሚስት የፍቺውን ቀን በጥንቃቄ ቢያስቡበት ያስኬዳል። የልጅና የትዳር ጓደኛ ቀለብ ግን ለአሥር ዓመቱ መስፈርት አይገዛም፤ ዲፋስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲደርሰው በቀጥታ ይቆርጣል።

የትኛው ፍርድ ቤት?

ወታደር በትእዛዝ ይዛወራል፤ ቤተሰቡም ይከተለዋል። ሕጉ ይህን ከግምት አስገብቶ አንድ ልዩ ገደብ አስቀምጧል። አንድ ፍርድ ቤት የወታደሩን ጡረታ ለማካፈል የሚችለው ወታደሩ የዚያ ክፍለ ግዛት ቋሚ ነዋሪ ከሆነ፣ ወይም በጦሩ ምደባ ሳይሆን በራሱ ምርጫ እዚያ የሚኖር ከሆነ፣ ወይም ደግሞ በዚያ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ከፈቀደ ነው።

ቋሚ መኖሪያው ሜሪላንድ የሆነ፣ ቴክሳስ ወደሚገኝ ጦር ሰፈር የተመደበ ወታደር እናስብ። ሚስቱ ቴክሳስ ላይ የፍቺ ክስ ብትመሠርት ፍርድ ቤቱ ትዳሩን ሊያፈርስ ይችላል፤ ስለ ጡረታው ግን ወታደሩ ከተቃወመ እጁ የታሰረ ነው። ወታደሩ ተቃውሞውን በጊዜው ሳያነሳ ክርክሩን ከገፋበት ደግሞ እንደ ፈቀደ ሊቆጠር ይችላል። በፍቺ ክስ ውስጥ የመጀመሪያው መልስ ምን ያህል ከባድ ሰነድ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

በፍቺው ቀን የቆመው ሒሳብ

ከ2016 መጨረሻ በፊት ብዙ ፍርድ ቤቶች የሚጠቀሙበት ሒሳብ ቀላል ነበር። ወታደሩ በመጨረሻ ጡረታ ሲወጣ የሚያገኘው አበል ይወሰድና፣ ትዳሩና አገልግሎቱ የተደራረቡበት ዘመን ለጠቅላላው የአገልግሎት ዘመን ይካፈላል፤ የተገኘው የጋራ ሀብት ይሆናል። ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 የተፈረመው የመከላከያ በጀት ሕግ ይህን ለወጠው። ከዚያ ቀን በኋላ የሚፋታ፣ ግን ገና ጡረታ ያልወጣ ወታደር አበል የሚሰላው በፍቺው ቀን በነበረው ማዕረግ፣ ደመወዝና የአገልግሎት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጨመርበት የኑሮ ውድነት ማስተካከያ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። በነባሩ የጡረታ ሥርዓት አበሉ የሚሰላው እያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት በ2.5 በመቶ ተባዝቶ፣ ከፍተኛ ደመወዝ የተከፈለባቸው 36 ወራት አማካይ ላይ ነው። አንድ ወታደር ሁለት ዓመት ካገለገለ በኋላ አገባ፣ በ12ኛው ዓመቱ ተፋታ፣ በ20ኛው ጡረታ ወጣ እንበል። በፍቺው ቀን አማካይ ደመወዙ 4,000 ዶላር፣ በጡረታው ቀን 6,000 ዶላር ነበር።

በድሮው መንገድ፣ 20 ዓመት የ6,000 ዶላርን 50 በመቶ ማለትም በወር 3,000 ዶላር ያስገኛል። ከ20 ዓመቱ አሥሩ በትዳር ስላለፉ 1,500 ዶላሩ የጋራ ነው፤ ግማሹ 750 ዶላር ይሆናል። በአዲሱ መንገድ ግን 12 ዓመት የ4,000 ዶላርን 30 በመቶ፣ ማለትም 1,200 ዶላር ያስገኛል። ከ12ቱ ዓመት አሥሩ በትዳር ስላለፉ 1,000 ዶላሩ የጋራ ነው፤ ግማሹ 500 ዶላር ነው። ትእዛዙን ያረቀቀው ሰው ሳያስተውል በአዲሱ የተቀነሰ አበል ላይ የድሮውን ማካፈያ፣ ማለትም 20 ዓመቱን ከተጠቀመ ደግሞ ድርሻው ወደ 300 ዶላር ይወርዳል። ያው ትዳር፣ ያው ወታደር፣ ያው አሥር ዓመት ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ትእዛዙ ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር ነው።

ለውጡን የደገፉት ወገኖች ክርክር የሚናቅ አይደለም። ከፍቺ በኋላ የመጣ ማዕረግ የወታደሩ የብቻ ላብ ነው፤ ከተለያዩ ከስምንት ዓመት በኋላ በዘመተበት ግንባር ያገኘውን ዕድገት ለምን ያካፍላል ይላሉ። የተቃወሙት ደግሞ የኋለኛው ማዕረግ በፊተኛው ላይ እንደሚቆም ያስታውሳሉ። ያለ መጀመሪያዎቹ 12 ዓመታት 20ኛው ዓመት አይመጣም፤ በእነዚያ ዓመታት ሚስት ከአንድ ጦር ሰፈር ወደ ሌላው ስትዛወር የራሷን ሥራ እየጣለች፣ ባል ሲዘምት ልጆች ብቻዋን እያሳደገች ነው። በተጨማሪም የንብረት ክፍፍል የክፍለ ግዛቶች ሥልጣን ሆኖ ሳለ ኮንግረስ አንድ ወጥ ሒሳብ መጫኑን ይነቅፋሉ።

ለዚህ ጸሐፊ ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል። ድርሻዋ በፍቺው ቀን ቆሞ፣ ገንዘቡ ግን እጇ የሚገባው ከዓመታት በኋላ ወታደሩ ጡረታ ሲወጣ ነው። ባለድርሻዋ በመካከሉ የምታጣው ዕድገት በኑሮ ውድነት ማስተካከያ ብቻ አይካካስም። ሕጉ ይህ ሆኖ እስካለ ድረስ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የፍቺው ቀን አማካይ ደመወዝና የአገልግሎት ዓመት በትእዛዙ ላይ በግልጽ መጻፍ አለባቸው፤ ዲፋስ ያለ እነሱ ሒሳቡን አይሠራም።

ዳረጎቱና ሌላው ኪስ

ከጥር 1 ቀን 2018 ወዲህ የተቀጠሩ ሁሉ በአዲስ ቅይጥ የጡረታ ሥርዓት ውስጥ ናቸው። በ2017 መጨረሻ ከ12 ዓመት በታች ያገለገሉ ነባር ወታደሮችም በ2018 ዓመቱን ሙሉ ወደዚህ ሥርዓት የመግባት ምርጫ ተሰጥቷቸው ነበር፤ የማቭኒ ምልምሎች በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። በቅይጡ ሥርዓት ለአንድ ዓመት የሚታሰበው 2.5 ሳይሆን 2 በመቶ ስለሆነ 20 ዓመት ያገለገለ ሰው አበል ከ50 ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። በምትኩ መንግሥት «ቲ ኤስ ፒ» በሚባለው የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ 1 በመቶ በራሱ፣ ወታደሩ ሲቆጥብ ደግሞ እስከ 4 በመቶ ተጨማሪ ያስገባለታል።

ከዚህ ሥርዓት ጋር የመጣው አዲስ ነገር በአገር ቤት የጡረታ ቋንቋ ዳረጎት የምንለው፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ጡረታ የሚወጣ ወታደር እስከ ሶሻል ሴኩሪቲ ሙሉ ዕድሜው ድረስ፣ ማለትም ለአብዛኛው ሰው እስከ 67 ዓመቱ፣ ሊያገኝ ከሚችለው አበል 25 ወይም 50 በመቶውን በዛሬ ዋጋ ተቀናንሶ በቅድሚያ መውሰድ ይችላል። ምርጫውን ጡረታ ከመውጣቱ ቢያንስ 90 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። በ42 ዓመቱ ጡረታ የወጣና በወር 2,000 ዶላር የሚገባው ሰው ግማሹን በዳረጎት ከወሰደ፣ ለሚቀጥሉት 25 ዓመታት አበሉ በወር 1,000 ዶላር ይሆናል፤ 67 ሲሞላው ወደ ሙሉው ይመለሳል።

አሁን ፍቺውን እናስገባ። ትእዛዙ «ከወርኃዊ አበሉ 40 በመቶ» ብሎ ቢያልፍና ባለጡረታው በኋላ ዳረጎቱን ቢመርጥ፣ አንደኛው ወገን ትልቅ ገንዘብ በአንድ ቀን ይቀበላል፤ የሌላው ወገን ድርሻ በምን ላይ እንደሚሰላ ግን ክርክር ይነሳል። መፍትሔው በስምምነቱ ውስጥ ዳረጎትን በስሙ መጥራት ነው። ያው መቶኛ በዳረጎቱም ላይ ይጸናል ማለት ይቻላል፤ ወይም ምርጫው የሌላውን ወገን ወርኃዊ ድርሻ ከቀነሰ ባለጡረታው ከኪሱ ያሟላል ብሎ መስማማት ይቻላል። ዝምታ ግን ሁለቱንም ወደ ጠበቃ ይመልሳቸዋል።

በአገልግሎት መካከል የሚከፈል ሌላ የአንድ ጊዜ ገንዘብም አለ። በቅይጡ ሥርዓት ያለ ወታደር በ12ኛው ዓመት አካባቢ ለተጨማሪ ዓመታት ለማገልገል ሲፈርም የማቆያ ክፍያ ይሰጠዋል፤ በመደበኛው ጦር ከወር ደመወዙ ከ2.5 እስከ 13 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ይህ ጡረታ አይደለም፤ የሚታየው በክፍለ ግዛቱ መደበኛ የንብረት ሕግ ነው። በትዳር ውስጥ ተከፍሎ ግዴታው ከፍቺ በኋላ የሚፈጸም ስለሆነ የማን ነው የሚለው አከራካሪ ይሆናል።

የቲ ኤስ ፒ ሒሳቡ ደግሞ ከዲፋስ ጋር አይገናኝም፤ የራሱ አስተዳደር፣ የራሱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ዓይነት አለው። የአሥር ዓመት መስፈርትም የለበትም። ሦስት ዓመት በቆየ ትዳር ውስጥ የተጠራቀመ ገንዘብም ተካፍሎ በአንድ ጊዜ ሊከፈል ወይም ወደ ሌላ የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ ሊዛወር ይችላል። ስለ ወርኃዊው አበል ሲከራከሩ ይህን ኪስ መርሳት ያጋጥማል፤ አጭር ትዳር ለነበራቸው ሰዎች ግን ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ሊሆን ይችላል።

የጉዳት ካሳ ሲመጣ

ከሁሉ ይልቅ ሰው ሳይጠብቀው የሚመታው ይህኛው ነው። በአገልግሎት ላይ የተጎዳ ወታደር ከቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዳት ካሳ ያገኛል። ካሳው ግብር አይከፈልበትም። የጉዳቱ ደረጃ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ግን ካሳውን ለማግኘት በተመሳሳይ መጠን ጡረታውን መተው አለበት። በግብር ምክንያት መተዉ ለእሱ ያዋጣል። ሊካፈል የሚችለው አበል ግን በዚያው ልክ ያንሳል።

በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማንሴል በተባለው መዝገብ፣ ለካሳ ሲባል የተተወ ጡረታ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ሊካፈል እንደማይችል ወሰነ። ያኔ አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ባልየው ከፍቺው ከዓመታት በኋላ ቢተወውስ? መልሱ የመጣው በ2017 ሃውል በተባለው መዝገብ ነው። ባልና ሚስት በአሪዞና በ1991 ተፋቱ፤ ፍርድ ቤቱ ከባልየው የአየር ኃይል ጡረታ ግማሹን ለሚስት ሰጠ። ባልየው በ1992 ጡረታ ወጣ፤ ሁለቱም ድርሻቸውን ከአሥር ዓመት በላይ ተቀበሉ። ከዚያ ባልየው የ20 በመቶ ጉዳት ተረጋገጠለትና ከ1,500 ዶላር ገደማ ወርኃዊ አበል ወደ 250 ዶላሩን ለካሳው ሲል ተወ። የሚስቲቱ ቼክ በወር በ125 ዶላር ገደማ አነሰ። የአሪዞና ፍርድ ቤቶች ባልየው ያጎደለውን ከኪሱ እንዲያሟላ አዘዙ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በአንድ ድምፅ ሻረው። እንዲያሟላ ማዘዝ ማለት የተከለከለውን ማካፈል በሌላ ስም ማድረግ ነው አለ።

ውሳኔው ለተጎዳው ወታደር ፍትሕ ነው የሚሉ አሉ፤ የቆሰለው አካል የእሱ ነውና ካሳውም የእሱ መሆን አለበት። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከአሥር ዓመት በላይ በእጇ የነበረ ፍርድ ባልየው ብቻውን በሞላው ቅጽ ሲሸረሸር ማየትም ከባድ ነው። ፍርድ ቤቱ ራሱ የጠቆመው መንገድ፣ ዳኞች ፍቺውን ሲወስኑ እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ እንደሚችል አስበው የትዳር ጓደኛ ቀለብን በዚያ መሠረት እንዲተምኑ ነው። ካሳ ከቀለብ ነፃ አይደለምና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 የጉዳት ካሳ የልጅ ቀለብ ሲሰላ ከገቢ ሊቆጠር እንደሚችል ወስኗል። ለዚህ ነው ጠበቆች ትንሽም ቢሆን፣ በዓመት አንድ ዶላርም ብትሆን፣ የቀለብ በር በትእዛዙ ላይ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚመክሩት፤ አንዴ የተዘጋ በር በኋላ አይከፈትም።

20 ዓመት አገልግለው ጉዳታቸው 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነላቸው ከ2004 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሁለቱንም እንዲቀበሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ ስለዚህ በእነሱ ጉዳይ የሚካፈለው አበል አይሸረሸርም። በውጊያ ምክንያት ለሚገኘው ልዩ ክፍያ ግን ይህ አይሠራም፤ እሱ አይካፈልም።

ባለጡረታው ሲሞት

አበሉ ባለጡረታው ሲሞት ይቆማል፤ የቀድሞ ሚስት ድርሻም አብሮ ይቆማል። በኢትዮጵያ የጡረታ ሥርዓት የተተኪ አበል ለሟች ሚስት ወይም ባል በሕጉ የሚሰጥ መብት ስለሆነ፣ ከዚያ ልማድ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። በአሜሪካ ጦር የተተኪዎች አበል አረቦን የሚከፈልበት ዕቅድ ነው። ዋስትና ከተገባበት የአበል መጠን 55 በመቶውን ለተተኪ ያስገኛል፤ አረቦኑ የዚያው መጠን 6.5 በመቶ ሲሆን፣ ሽፋኑ ለቀድሞ ሚስት ከሆነ ከአጠቃላይ አበሉ አስቀድሞ ስለሚቀነስ ሁለቱም ወገኖች ይሸከሙታል።

የፍቺው ትእዛዝ ሽፋኑ ለቀድሞዋ ሚስት እንዲሆን ቢያዝም ወረቀቱ በጊዜው ለዲፋስ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ባለጡረታው ከፍቺው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ምርጫውን ማስመዝገብ አለበት። እሱ ባያደርገው እሷ ራሷ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ከተሰጠበት ቀን አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ በቀጥታ ለዲፋስ ማመልከት ትችላለች። ዓመቱ ካለፈ ባልየው አዲስ ሚስት አግብቶ ሽፋኑ ወደ እሷ ሊሄድ ይችላል፤ ዕቅዱ ለሁለት አይከፈልም። የቀድሞዋ ሚስት 55 ዓመት ሳይሞላት ብታገባ ደግሞ የተተኪነት መብቷ ይታገዳል። በባለጡረታው ሕይወት ዘመን የምታገኘው የንብረት ድርሻ ግን ትእዛዙ ካልከለከለ በቀር በማግባቷ አይነካም።

የሕክምና ዋስትናው በሌላ መለኪያ ነው። 20 ዓመት ትዳር፣ 20 ዓመት አገልግሎት፣ 20 ዓመት መደራረብ ያላት የቀድሞ ሚስት ሌላ ሰው እስካላገባች ድረስ የጦሩን የሕክምና ሽፋን ትይዛለች። መደራረቡ ከ15 እስከ 20 ዓመት ከሆነ ሽፋኑ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው።

የሽማግሌ ውልና የአዲስ አበባ ውሳኔ

በእኛ ቤተሰቦች መካከል ብዙ ጊዜ ነገር የሚያልቀው በሽማግሌ ፊት ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ቤቱ ለእሷ፣ መኪናው ለእሱ፣ ከጡረታው ደግሞ ሢሶው ይደርሳታል ብለው ጽፈው ያስፈርማሉ። ውሉ በቅንነት የተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ባለጉዳዮቹንም ከረጅም ሙግት ያድናል። ዲፋስ ግን የሚያውቀው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ነው። የሽማግሌው ውል ዳኛ ፊት ቀርቦ በፍቺው ትእዛዝ ውስጥ ካልተካተተ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ያለው ቢሮ አንድ ዶላር አይልክም።

አገር ቤት የተሰጠ ፍቺም ተመሳሳይ ችግር አለበት። የ1982ቱ ሕግ የውጭ አገር ፍርድ ቤት ትእዛዝን የሚቀበለው አሜሪካ ከዚያ አገር ጋር ትእዛዙን እንድታከብር የሚያስገድድ ስምምነት ካላት ነው። እንዲህ ያለ ስምምነት ከሌለ የአዲስ አበባ ፍርድ ቤት በ2000 በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ጡረታውን ቢያካፍልም ዲፋስ አይፈጽመውም። ቨርጂኒያን የመሳሰሉ ክፍለ ግዛቶች ሁኔታዎች ሲሟሉ ከውጭ አገር ፍቺ በኋላም ንብረቱን ለማካፈል በር ይከፍታሉ፤ በሩ ግን በጊዜ የተገደበ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ፍቺ ከመጠየቅ በፊት የሚኖሩበትን ክፍለ ግዛት ጠበቃ ማማከር ይቀድማል።

ዲፋስ የሚቀበለው ወረቀት ይህን ይመስላል፦ በፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ ግልባጭ፣ የተጋቡበት ቀን፣ ፍርድ ቤቱ በወታደሩ ላይ ሥልጣን ያገኘበት ምክንያት፣ ወታደሩ በሥራ ላይ ከሆነ በሕግ የተሰጠው ጥበቃ እንደተከበረለት የሚገልጽ ቃል፣ ከዚያም የድርሻው መጠን። መጠኑ በቁርጥ ዶላር ወይም በመቶኛ ሊጻፍ ይችላል። በዶላር ከተጻፈ የኑሮ ውድነት ማስተካከያው አይጨመርበትም፤ ዛሬ 500 ዶላር የተባለ ከ20 ዓመት በኋላም 500 ዶላር ነው። በመቶኛ የተጻፈ ግን ከአበሉ ጋር አብሮ ያድጋል።

ከትእዛዙ ጋር ቁጥሩ 2293 የሆነ የመከላከያ ሚኒስቴር ቅጽ ተሞልቶ ይላካል። ዲፋስ ያለፈ የንብረት ድርሻ ውዝፍን አይሰበስብም፤ ወረቀቱ በዘገየ ቁጥር የዘገየውን ከቀድሞው የትዳር ጓደኛ በግል መጠየቅ ነው የሚቀረው። ደግነቱ ወታደሩ ጡረታ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በ2026 የተፋታች ሴት ባሏ በ2029 ጡረታ የሚወጣ ቢሆን እንኳ ማመልከቻዋን አሁኑኑ ማስገባት ትችላለች፤ ዲፋስ መዝግቦ ያቆየዋል፣ ክፍያውም አበሉ ከጀመረ በ90 ቀን ውስጥ ይጀምርላታል።